ስለ አገር ልብስና ስለ ዘመናዊው አሰፋፍ፤ በወልቂጤ የሚሰሙት ሁለት አስተያየቶች ሲመረመሩ

መስቀል በቀረበ ቁጥር በወልቂጤ ከተማ የልብስ ገበያ ይደራል። ከአዲስ አበባም ሆነ ከሌላ የሥራ ቦታ ወደ ትውልድ ቀየው የሚመለሰው ጉራጌ ለአባቱ ጋቢ፥ ለእናቱ ነጠላ፥ ለእኅቱ ቀሚስ ይዞ መግባት የቆየ ልማዱ ስለ ሆነ፥ በዚያ ሰሞን የሸማ ነገር የማይነሣበት ቤት አይገኝም። ከሸማውም ጋራ አብሮ የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። ይኸውም፥ «የአገር ልብስ መባል የሚገባው የትኛው ነው? እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርደው፥ እጅጌው ረዥም የሆነው የጥንቱ ቀሚስ ነውን? ወይስ ከጉልበት ላይ ተቈርጦ፥ በወገብ ተጣብቆ የሚሰፋው ዘመናዊው?» የሚል ነው። ስለ ወንዶቹም ልብስ እንዲሁ ነው። አንዱ ወገን ነጭ ሱሪ፥ እጀ ጠባብና ጋቢ ካልሆነ አይሆንም ሲል፥ ሌላው በጅንስ ሱሪ ላይ ደረቱ በጥለት የተጌጠ ሸሚዝ መልበስ በቂ ነው ይላል።

ይህ ክርክር ለብዙ ሰው ቀላል የቤት ወሬ ይመስለዋል። እኛ ግን ነገሩ የብዙ ሰዎችን እንጀራ የሚነካ ሆኖ ስላገኘነው፥ የሁለቱንም ወገን ቃል በቅንነት አቅርበን፥ ቀጥለን የምናየውን ጉድለት ለመግለጽ እንሞክራለን።

የጥንቱን አለባበስ የሚደግፉት ሰዎች የሚሰጡት ምክንያት ከጨዋነት ይጀምራል። ወልቂጤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ተዋሕዶ የሚኖርባት ከተማ ስለ ሆነች፥ ገላን የሚሸፍን ልብስ በሁለቱም ሃይማኖት ዘንድ የተከበረ ነው። ነገር ግን ከዚህ የጠለቀ ሁለተኛ ምክንያት አላቸው፤ እኛም ክብደት የምንሰጠው ለዚህኛው ነው። የአገር ልብስ፥ ይላሉ፥ ሰውነትን ከብርድ የሚጠብቅ ብቻ አይደለም፤ የሚናገር ነው። ነጠላ ለሐዘን ሲዘቀዘቅ ጥለቱ ወደ ላይ ይሆናል፤ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ደግሞ መስቀለኛ ይጣፋል። ለባሹ አንድ ቃል ሳይተነፍስ፥ ከሩቅ የሚያየው ሰው ኀዘንተኛ ይሁን ምእመን ለይቶ ያውቀዋል። ታዲያ ይኸው ጥለት ተቀዶ በሸሚዝ ደረት ላይ ከተሰፋ በኋላ፥ በሠርግም በልቅሶም አንድ ዐይነት ሆኖ ይቀራል። ጌጥነቱ አለ፤ ንግግሩ ግን ጠፍቷል። ይህን ነጥብ እንደ ሽማግሌ ማጕረምረም ቈጥሮ ማለፍ ተገቢ አይመስለንም።

የዘመናዊው አሰፋፍ ደጋፊዎች በበኩላቸው የሚሉት እንዲህ ነው። ረዥሙ ቀሚስ ለጭቃ፥ ለታክሲና ለባጃጅ፥ ለመሥሪያ ቤት ወንበርና ለሱቅ መደርደሪያ የተመቸ አይደለም። የማይመች ልብስ ደግሞ ወደ ሣጥን ይገባል፤ በዓመት ሁለት ጊዜ፥ ለመስቀልና ለሠርግ፥ ወይም ለእንቍጣጣሽና ለዒድ ብቻ ይወጣል። ሣጥን ውስጥ የሚኖር ልብስ ሙዚየም ውስጥ እንዳለ ዕቃ ነው፤ ይታያል እንጂ አይኖሩበትም። ስለዚህ ሸማው በሥራ ቀንም እንዲለበስ ከተፈለገ መቀስ ሊያርፍበት ግድ ነው ይላሉ። ይህም አስተያየት የወጣትነት ችኰላ ብቻ አይደለም። አንድ ልማድ ከዕለት ኑሮ ከተለየ የሚቆየው ለጥቂት ጊዜ መሆኑን ብዙ ነገር አሳይቶናል።

እንግዲህ ሁለቱም ወገኖች እውነት የሆነ ነገር ይናገራሉ። የሆነ ሆኖ፥ ሁለቱም ሳይመረምሩ የተቀበሉት አንድ ሐሳብ አለ። ይኸውም ጥንታዊውን ከዘመናዊው የሚለየው መሥመር የሚገኘው በልብሱ ቅርጽ ላይ ነው የሚለው ነው። ስለ ርዝመት፥ ስለ እጅጌ፥ ስለ አንገት ይከራከራሉ። በአጭሩ የሚከራከሩት ስለ መቀሱ ነው። ስለ እንዝርቱና ስለ መወርወሪያው የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አይሰማም። የእኛ ነቀፌታ የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው።

በመጀመሪያ፥ «ጥንታዊ» የሚባለው ራሱ ምን ያህል ጥንታዊ እንደ ሆነ እንመልከት። ጥበቡን የሚያደምቀው ባለቀለም ክር ከቀድሞ ጀምሮ በብዛት በንግድ ከውጭ የሚገባ ነበር። ዛሬ ሽማግሌዎች «የአባቶቻችን ልብስ» ብለው የሚያስታውሱት ሱሪና እጀ ጠባብ፥ ብዙ ጊዜ የተሰፋው ከአቡጀዲ ነው። አቡጀዲም ከባሕር ማዶ፥ በተለይም ከአሜሪካ፥ የመጣ የፋብሪካ ጨርቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 የአሜሪካ መንግሥት ስኪነር የተባለውን መልእክተኛ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ልኮ የንግድ ውል ሲዋዋል፥ በኢትዮጵያ የነበረው ዋነኛ የአሜሪካ ሸቀጥ ይኸው የጥጥ ጨርቅ ነበር። ሸማውም ቢሆን እንዲሁ ነው። ማጉ በእንዝርት የተፈተለ የሴቶች እጅ ሥራ ሆኖ ሳለ፥ ድሩ ግን ከብዙ ዘመን ጀምሮ የፋብሪካ ክር ነው። ሸማኔው የፋብሪካውን ክር የመረጠው ስለሚጠነክርለትና ሥራውን ስለሚያፋጥንለት ነው፤ በዚህም ምክንያት ሸማው የአገር ልብስ መሆኑን የካደ ሰው አልተገኘም። እንግዲህ አንድ ነገር ከውጭ ስለ ገባበት ወይም ስለ ተለወጠ ብቻ ከአገር ልብስነት ይወጣል የምንል ከሆነ፥ የሚተርፍልን ልብስ አይኖርም።

ይህን የመሰለ ክርክር በእኛ ዘንድ ብቻ ያለ አይደለም። የስኮትላንድ ሰዎች ኪልት ስለሚሉት ባለ ዥንጉርጉር መሥመር ጉርድ ልብሳቸው እንዲሁ ይከራከራሉ። የወጉ ጠባቂዎች፥ ትክክለኛው ኪልት ስምንት ያርድ ያህል ከሆነ የሱፍ ጨርቅ፥ እጥፋቱ በእጅ ተሰፍቶ የሚሠራው ብቻ ነው ይላሉ። የዘመኑ ሰዎች ደግሞ ከጥጥና ከጅንስ የተሠራ፥ ኪስ ያለውና በአዘቦት ቀን የሚለበስ ኪልት ያሰፋሉ። ታሪኩን ስንመለከት ግን፥ ወግ ጠባቂዎቹ የሚጠብቁት አጭር ኪልት ራሱ የ18ኛው መቶ ዘመን ሥራ ነው። ከዚያ በፊት ይለበስ የነበረው መላ ሰውነትን የሚጠቀልልና በወገብ የሚታጠቅ፥ ከእኛ ቡሉኮ የማይርቅ ትልቅ ጨርቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1746 የወጣው የእንግሊዝ ሕግ የደጋውን ሕዝብ ልብስ ከለከለ፤ ሕጉ የተሻረው በ1782 ነው። በ1822 ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ ኤዲንብራን ሲጐበኝ ይህንኑ ልብስ ለብሶ ስለ ታየ፥ ቀድሞ የአንድ ወገን ልብስ የነበረው የመላው ስኮትላንድ ምልክት ሆነ። ከዚህ የምንማረው፥ ዛሬ በጥንታዊነቱ የሚከበረው ልብስ በጊዜው አዲስ እንደ ነበረ ነው። እንግዲያስ ቅርጹ የሚለወጥ ከሆነ፥ በአገር ልብስ ውስጥ እንዲጸና መጠየቅ የሚገባን ነገር ምንድር ነው?

ለዚህ መልስ ለመስጠት ወደ ወልቂጤ ገበያ እንመለስ። ባሁኑ ጊዜ በገበያው ከሚሸጡት ቀሚሶች መካከል በሦስት ልንከፍላቸው የምንችላቸው አሉ። አንደኛው ፈትል የሚባለው ነው፤ ማጉ በእጅ ተፈትሎ በሸማኔ የተሠራ ነው። ሁለተኛው መነን የሚባለው ነው፤ ክሩ የፋብሪካ ሆኖ ሽመናው ግን የሸማኔ እጅ ነው። ሦስተኛው ከውጭ አገር ፋብሪካ የሚመጣ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ሲሆን፥ ጥለቱ ያልተሸመነ፥ በማተሚያ የተቀባ ሥዕል ነው። ይህ ሦስተኛው ብዙውን ጊዜ ርዝመቱ እስከ መሬት፥ እጅጌው እስከ አንጓ፥ ደረቱም ላይ ትልቅ መስቀል ያለበት ሆኖ ይሠራል። በቅርጹ ከሁሉ ይልቅ «የጥንቱን» የሚመስለው እርሱ ነው።

እዚህ ላይ ክርክሩ ምን ያህል መንገድ እንደ ሳተ ግልጽ ይሆናል። በሽሮ ሜዳ ሸማኔ እጅ ተሸምኖ፥ ከጉልበት ላይ የተቈረጠ ቀሚስ የለበሰች ልጅ «አገርሽን ረሳሽ» ተብላ ትወቀሳለች። ከባሕር ማዶ ታትሞ የመጣ ረዥም ቀሚስ የለበሰችው እኅቷ ግን «ወግሽን ጠበቅሽ» ተብላ ትመረቃለች። ሆኖም የመጀመሪያይቱ ልብስ ፈታይና ሸማኔ የበሉበት ነው፤ የሁለተኛይቱ ልብስ ግን ለአንዲትም እንዝርት ሥራ አልሰጠም። መራቂውም ሆነ ወቃሹ የተመለከተው መቀሱ ያረፈበትን ቦታ ብቻ ነው።

ልዩነቱን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ብዙ አይቸገርም። የተሸመነ ጥለት ሲገለበጥ ክሩ በጀርባው በኩል ይታያል፤ በእጅም ሲዳሰስ ይሻክራል። የታተመው ግን ጀርባው የደበዘዘ ወይም ባዶ ነው። ከጠርዙ አንዲት ክር መዝዞ በእሳት ቢያስነኩት፥ ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ ዐመድ ይሆናል፤ ሰው ሠራሹ ክር ግን ቀልጦ ይድቦለቦልና እንደ ጠጠር ይደርቃል። ይህን እናቶቻችን ያውቁታል፤ በክርክሩ ላይ ግን እንደ ማስረጃ የሚያቀርበው ሰው አላጋጠመንም።

አንድ ፈትል ቀሚስ በስንት እጅ እንደሚያልፍ መቍጠር ነገሩን ያጐላዋል። ጥጡ ይለቀማል፤ በመዳመጫ ይዳመጣል፤ በደጋን ይነደፋል፤ በእንዝርት ይፈተላል። ከዚያም ሸማኔው ድሩን አድርቶ፥ እግሩን ከጕድጓድ ከቶ፥ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ እየወረወረ ይሠራዋል። ጥለቱ ከሁሉ ይልቅ ጊዜ ይፈጃል፤ ምክንያቱም ባለቀለሙ ክር በየረድፉ በእጅ እየተለቀመ ይገባል። በመጨረሻም ሰፊውና ነጋዴው አሉ። በአዲስ አበባ የሚሸመነውን ሸማ በብዛት የሚሠሩት ከጋሞ ደጋ፥ ከዶርዜና ከጨንቻ አካባቢ የመጡ ሸማኔዎችና ልጆቻቸው ናቸው። ከነርሱ ተቀብሎ በመርካቶ የሚነግደውና ወደ ወልቂጤና ወደ ቡታጅራ የሚያደርሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የጉራጌ ነጋዴ ነው። ስለዚህ የአገር ልብስ የአንድ ወገን ቅርስ ብቻ ሳይሆን፥ ፈታይን፥ ሸማኔንና ነጋዴን ከልዩ ልዩ ክፍል አምጥቶ የሚያገናኝ ሥራ ነው።

ይህን ካልን፥ ጥንታዊውን እናከብራለን የሚሉት ወገኖች የማይወዱትን አንድ ነገር ማንሣት ግድ ይሆንብናል። በአገራችን ሸማው ሲከበር ሸማኔው ሲናቅ ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ሠሪውን፥ ሸማኔውንና ሌላውንም የእጅ ባለሙያ በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ ዐዋጅ ማስነገራቸው፥ ስድቡ ምን ያህል የተለመደ እንደ ነበረ ያስረዳል። በጉራጌም ቢሆን የቤቱን ምሰሶ የሚያቆሙትና እንጨት የሚጠርቡት ባለሙያዎች ከሌላው ሰው ተለይተው፥ መሬት እንዳይዙና ከሌላው ጋራ እንዳይጋቡ ተደርገው መኖራቸው የታወቀ ነው። ያለ እነርሱ እጅ ያ ያማረ የጉራጌ ቤት አይቆምም ነበር። እጁን ንቆ ሥራውን ማድነቅ የቆየ በሽታችን ነው። ዛሬ የታተመውን ቀሚስ ከተሸመነው ሳንለይ «ያው ነው» ብለን ስንገዛ፥ ይኸው በሽታ በሌላ መልክ ተመለሰ ማለት ነው፤ ሸማኔው መኖሩም አለመኖሩም ለዐይናችን ልዩነት አላመጣምና።

በሌላ በኩል የዘመናዊው ወገን ደጋፊዎችም ከነቀፌታ አያመልጡም። «የምንለብሰው የአገር ልብስን ለማሳደግ ነው» የሚሉ ብዙ ወጣቶች ደረቱ ላይ የታተመ ጥለት ያለበትን ካናቴራ ገዝተው ይረካሉ። ይህ ማሳደግ አይደለም፤ የሸማውን ሥዕል መልበስ ነው። በመድረክም ላይ የምናየው ከዚህ ብዙ አይለይም። የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ኅዳር 29 ቀን መከበር ከጀመረ ወዲህ፥ እያንዳንዱ ሕዝብ አንድ የታወቀ «የባህል ልብስ» ይዞ እንዲቀርብ ይጠበቃል። በዚህም ምክንያት ልብሱ የመለያ ልብስ ሆኖ፥ ለአንድ ቀን በብዛትና በርካሽ ይሰፋል። የአባት ጋቢ፥ የእናት ነጠላ፥ የሙሽራይቱ ቀሚስ፥ ሁሉም በየቤቱና በየዕድሜው የተለየ የነበረው፥ ወደ አንድ መልክ ይሰበሰባል። ለመታወቂያ ያህል ይህ ጥቅም ይኖረው ይሆናል፤ ነገር ግን የመድረኩን መልክ ለጠቅላላው አለባበስ መለኪያ ማድረግ ስሕተት ነው።

ከሁሉ የከበደው መከራከሪያ ግን የዋጋ ነገር ስለ ሆነ፥ ዘልለነው ለማለፍ አንደፍርም። በእጅ የተሠራ ቀሚስ ውድ ነው። በጕሊት ቆጮና ቅቤ ሸጣ የምታድር እናት ወይም ከወር ወር በጭንቅ የሚደርስ መምህር ፈትል ቀሚስ መግዛት ያቅተዋል። የታተመው ቀሚስ ለእንዲህ ያለው ሰው በመስቀል ዕለት በጀፎረው ላይ ከጎረቤቱ ሳያንስ የሚታይበትን ነጭ ልብስ ሰጥቶታል። «ሸማኔውን ካላበላህ ጨርቅህን አውልቅ» ብሎ በድኻ ላይ መፍረድ ግፍ ነው። እኛም ይህን አንልም። የምንነቅፈው ገዢውን ሳይሆን መሸፋፈኑን ነው። የታተመው «የእጅ ሥራ» ተብሎ፥ አንዳንድ ጊዜም ለእጅ ሥራ በሚቀርብ ዋጋ ሲሸጥ፥ ድኻው ገንዘቡን፥ ሸማኔውም ስሙን ይዘረፋል።

ደግሞም ዋጋው ራሱ ለጥንቱ ቅርጽ ሳይሆን ለዘመናዊው የሚመሰክርበት መንገድ አለ። አጭር ቀሚስ የሚወስደው ጨርቅ ከረዥሙ ያነሰ ነው፤ ጥለቱም ጠበብ ያለ ከሆነ የሸማኔው ድካም ይቀንሳል። ስለዚህ ጠበብ ያለ ጥለት ያለው፥ ከመነን የተሰፋ አጭር ቀሚስ፥ አቅሙ ትንሽ ለሆነ ሰው የሸማኔን እጅ ሥራ ለመልበስ የሚያስችል በር ሊሆን ይችላል። ይህ ምኞት ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳይ ምሳሌ አለ። በዓለም የታወቀችው የልብስ ሞዴል ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2007 ለምለም የተባለውን ድርጅት ያቋቋመችው፥ የአዲስ አበባ ሸማኔዎች ገዢ አጥተው ሥራቸው እየቀዘቀዘ መሆኑን ከተመለከተች በኋላ ነው። ድርጅቱ የሚያሰፋቸው ልብሶች ለባሕር ዳርቻና ለበጋ የሚሆኑ ቀላል ልብሶች ናቸው፤ ቅርጻቸውን አይተው የወልቂጤ ሽማግሌዎች የአገር ልብስ ብለው እንደማይጠሯቸው እናምናለን። ነገር ግን በእጅ የሚሸመን ጨርቅ ስለ ሆነ፥ ለሸማኔው ሥራ ያስገኘለት ይህ «ወግ የማያውቅ» ልብስ ነው።

እንግዲህ ከተናገርነው ሁሉ የሚወጣው ፍርድ ይህ ነው። በቅርጽ ረገድ ሁለቱም ወገኖች እንደ ልባቸው ይሁኑ፤ ለቤተ ክርስቲያን፥ ለልቅሶና ለሽምግልና ነጠላና ጋቢ ቦታቸውን ይያዙ፤ ለሥራና ለመንገድ አጭሩ ይለበስ። የነጠላው ንግግር እንዳይጠፋ የምንሻ ከሆነ፥ መፍትሔው ቀሚሱን ከመቍረጥ መከልከል ሳይሆን፥ ልጆችን ነጠላ እንዴትና መቼ እንደሚጣፋ ማስተማር ነው። የማንተወው ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ ልብሱን የሠራው ማን ነው?

ይህ ጥያቄ በአፍ ብቻ እንዳይቀር ሦስት ነገሮች እናሳስባለን። አንደኛ፥ የወልቂጤና የቡታጅራ ልብስ ነጋዴዎች ፈትሉን ፈትል፥ መነኑን መነን፥ የታተመውን የታተመ ብለው ለይተው ቢሰቅሉና ቢሸጡ፥ ገዢው እንደ አቅሙ ዐውቆ ይመርጣል፤ ነጋዴውም አመኔታ ያተርፋል። ሁለተኛ፥ ለበዓልና ለምረቃ ልብስ በጅምላ የሚያሰፉ ትምህርት ቤቶች፥ ማኅበሮችና መሥሪያ ቤቶች ትእዛዛቸውን ለሸማኔዎች ቢሰጡ፥ ከአንድ ሺሕ ገዢ የግል ምርጫ የበለጠ ይረዳሉ። ሦስተኛ፥ በዚህ ከተማና በዙሪያው ስንት ሸማኔ፥ ስንት ፈታይ እንዳለ፥ ክሩን ከየት እንደሚያገኝ፥ ልጁን ሙያውን ማስተማር ይፈልግ እንደ ሆነ፥ ተማሪዎች ቤት ለቤት ሄደው ጠይቀው ቢጽፉት፥ ለቀጣዩ ክርክር ከስሜት የተሻለ መሠረት ይገኛል።

በመጪው መስቀል ስለ እኅቶቻችን ቀሚስ ርዝመት እንደ ተለመደው መነጋገራችን አይቀርም። ያን ጊዜ ከመፍረዳችን በፊት ጠርዙን ገልብጠን ጀርባውን ብንመለከት፥ ክርክሩ ወደ ቁም ነገሩ ይመጣል ብለን እናምናለን።